ከጠመንጃው የሚከብድ ምላጭ

ዛሬ ዴንቨር ውስጥ ከጋሼ ጋር ጠመንጃ ሱቅ ገባን። ጋሼ የሩገር ፋብሪካ ሥሪት የሆነ 10/22 የሚባል ጠመንጃ አላቸው፤ ከ1964 ጀምሮ የሚሠራው ያ ትንሹ ሃያ ሁለት ካሊበር። "በደንብ አልሜ፣ ስተኩስ ወደ ጎን ይሄድብኛል" አሉ።

ሻጩ ብዙ አላወራም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አየ። ምላጩ ላይ ትንሽ የመንጠቆ ሚዛን አንጠለጠለና ቀስ ብሎ ሳበ። ሚዛኑ ወጣ፣ ወጣ፣ 5 ፓውንድ ተኩል ላይ ቀጭ! ጠመንጃው ራሱ እኮ 5 ፓውንድ ገደማ ነው። ከጠመንጃው የሚበልጥ ክብደት በአንድ ጣት እየሳቡ፣ ጠመንጃው ንቅንቅ እንዳይል መመኘት! ጋሼ አላመኑም፤ ሚዛኑን ተቀብለው ራሳቸው ደገሙት።

ብዙዎቻችን እኮ ኢላማ ስንስት መጀመሪያ የምንገዛው ጠመንጃው ላይ የሚገጠም ማነጣጠሪያ መነጽር ነው። ትልቅ ነው፣ ይታያላ።

ሩገር ራሱ የሚሸጠው ቢኤክስ የሚባል ምላጭ 2.75 ፓውንድ አካባቢ ነው። ሁለት ፒን ገፍቶ አሮጌውን ከነቤቱ ማውጣት፣ አዲሱን መክተት። ከዚያ የሚቀልም፣ የሚወደድም አለ። አንድ ገበያተኛ ጣልቃ ገብቶ "የመጨረሻ ቀላሉን ይውሰዱ" አላቸው።

ጋሼ ሳቁ። "በብርድ፣ ጓንት አድርጌ ጥንቸል ሳድን፣ ሳላስበው ቢተኩስብኝስ?"

እውነታቸውን ነው። ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ወረቀት ለሚመታ ሰው ይቅለልለት፤ አዳኝ ግን ምላጩ ትንሽ ቢታገለው ይሻላል።

ቢኤክሱን ገዙ። በተረፈው ብር ጥይት።