ለንደንና ፓሪስ በድሬዳዋ ሲለኩ

እማዬ ባለፈው ሳምንት የትኬቷን ወረቀት ይዛ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል። ሲሄድ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ሲመለስ ሃያ ደቂቃ ብቻ?» አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ ለንደን፣ ታናሽ እህቴ ፓሪስ ነው የሚኖሩት። እማዬ መጀመሪያ እሱ ጋ ታርፋለች። ከዚያ ለአንድ ሳምንት እህቴ ጋ ደርሳ ለንደን ትመለሳለች።

ወረቀቱን አየሁት። ከለንደን 9:00 ተነስቶ ፓሪስ 11:20 ይገባል። መልሱ ከፓሪስ 18:00 ተነስቶ ለንደን 18:20። ትክክል ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው፤ ፓሪስ ደግሞ ለንደንን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የበረራው ጊዜ ሲሄዱም ሲመለሱም 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከቁጥሮቹ ጎን በእስክሪብቶ «ጠዋት 3 ሰዓት»፣ «ማታ 12 ሰዓት» እያልኩ በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩላት። ለወላጆቻችሁ ትኬት የምትቆርጡ፣ እባካችሁ ይህቺን አትርሱ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «ለመሆኑ ልጆቼ ምን ያህል ይራራቃሉ?»

በቀጥታ መስመር 344 ኪሎ ሜትር አልኳት። ቁጥሩ ምንም አልነገራትም። እማዬ የድሬ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ካርታ ላይ ለካሁላት። በአየር 340 ገደማ ወጣ። ያው በሉት።

«ድሬ?» ብላ ዝም አለች። በልጅነቷ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር ተጉዛ የምትወርድበት ለገሃር ከመሥሪያ ቤቴ ትንሽ ቁልቁል ነው። ወደዚያው እያየች፣ «ሰባት ዓመት ሳይተያዩ የኖሩት በድሬ መንገድ ነው?» አለች።

ቪዛውን አስረዳኋት። ፈረንሳይ በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚገባበት ሼንገን ውስጥ ናት፤ እንግሊዝ ግን የለችም። ለእሷም ሁለት ቪዛ ነው ያወጣነው። ወንድሜ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ከአገር መውጣት አይችልም ነበር። ዘንድሮ ነው የተሳካለት።

እሱ ባቡር ይሻላል ባይ ነው። ለንደን ካለው የሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ተነስቶ ፓሪስ፣ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ ለመግባት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። (የእኛ ለገሃርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ «ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው።) ትኬቱ ላይ ያለው 1 ሰዓት ከ20 መሬት ላይ የሚሄድበትንም ይጨምራል እንጂ፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ግን ኤርፖርት ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻው፣ ከፓሪሱ ሻርል ደጎል ኤርፖርት ወደ ከተማ መግባቱ ሲደመር ባቡሩ ሳይፈጥን አይቀርም። እኔም ብሆን ባቡሩን ነበር የምመርጠው። እማዬ ግን በባሕር ሥር እንደሚያልፍ ስትሰማ አማተበች።

አውሮፕላኑ ይሁን ተባለ። የወንድሜ ቪዛ ሐሙስ ዕለት ወጣ። ትናንት ትኬቱን ቆረጥኩለት፤ ወንበሩ ከእማዬ አጠገብ ነው።