ጋሼ ያዩት ድንጋይ

ሮም ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። አብዛኞቹ እንግዶቼ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ የእኛው ሰዎች ናቸው። የእኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ፎቶ አንስቶ አይወጣም። ይሳለማል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ሥራዬን የምወደው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ከኮሎሲየም ብዙም ወደማይርቀው ሳን ክሌሜንቴ አንድ ቡድን ይዤ ገባሁ። የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉዞውን ያዘጋጀው ድርጅት ለእንግዶቹ አንድ ገጽ ማብራሪያ አድሏቸው ነበር። «ሕንፃው የተሠራው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ማስረጃውም በመዘምራኑ አጥር ላይ የተቀረጸው የጳጳሱ የዮሐንስ ስም ነው» ይላል።

አጥሩ ከመቅደሱ ፊት ለፊት ነው። ከነጭ እብነ በረድ የተጠረቡ ሰሌዳዎች ናቸው። መስቀል አለባቸው፣ የቅጠል ጉንጉን አለባቸው። በአንዱ ጉንጉን መሀል ፊደሎች እርስ በርስ ተቆላልፈው የዮሐንስን ስም ይሠራሉ።

ከእንግዶቹ መሀል ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ ጋሼ ነበሩ። ሌላው ወረቀቱን ሲያነብ እሳቸው አጎንብሰው የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ለዚህ ቤት የተጠረበ አይመስለኝም።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ያንን የሻማ ማቆሚያ እየው።» በቀለም በቀለም ድንጋይ የተለበጠውን ጠምዛዛ ዓምድ አሳዩኝ። «ያንን የሠራ እጅና ይሄን የጠረበ እጅ አይተዋወቁም።»

አጠገባችን የነበረች ወጣት ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። «ጋሼ፣ ስሙ እኮ ይኸው ተጽፏል።»

«ስሙማ አለ። የድንጋዩ ነው። የቤቱ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

ይህን ጥያቄ ከአንድ እንግዳ አፍ ስሰማ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የሳን ክሌሜንቴ ታሪክ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የቆምንበት ሕንፃ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው። የሻማው ዓምድም የዚያው ዘመን ነው። የአጥሩ ሰሌዳዎች ግን ከ500 ዓመት በላይ ይበልጡታል። የመጡት ከእግራችን ሥር ካለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ392 እ.ኤ.አ. ገደማ ሮም ውስጥ የቀሌምንጦስን መታሰቢያ የያዘ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ጽፏል። ሰዉ ለዘመናት ያ ቤተ ክርስቲያን ይሄው ላይኛው ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1857 አየርላንዳዊው የዶሚኒካን መነኩሴ ጆሴፍ ሙሉሊ መቆፈር ሲጀምሩ ነው ትክክለኛው ከታች የተገኘው። የመካከለኛው ዘመን ግንበኞች አሮጌውን በአፈርና በፍርስራሽ ሞልተው፣ ጠበብ አድርገው በላዩ ላይ አዲሱን ሠሩ። የሚፈልጉትን ድንጋይ ግን አስቀድመው አውጥተዋል።

እንግዲህ ጽሑፎቹን በየቦታቸው እንመልሳቸው። በሮም ጳጳስ በሆርሚስዳስ ዘመን፣ ማለትም ከ514 እስከ 523 ባለው ጊዜ፣ መርቆሬዎስ የሚባል ቄስ ከባልንጀሮቹ ጋር ለቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ ሰጠ። ይህንን የሚናገረው የራሱ የመሠዊያው ጽሑፍ ነው። ያው ቄስ በ533 የሮም ጳጳስ ሆነ። ስሙ የአረማውያን ጣዖት ስም ስለነበር ዮሐንስ ተባለ፤ በ535 አረፈ። ስለዚህ «መርቆሬዎስ ቄስ» የሚለው ድንጋይ የቀድሞው ሥራው ነው፣ «ዮሐንስ» የሚለው የኋለኛው። አንድ ሰው፣ ሁለት ስም፣ ሁለት የግንባታ ዘመን። ሰማዕቱን ቅዱስ መርቆሬዎስን በየዓመቱ የሚያከብሩት እንግዶቼ ስሙን ለምን ተወው ብለው ተከራከሩ። በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን።

ከዚያ ከመሠዊያው ጀርባ ያለውን የእብነ በረድ ወንበር አሳየኋቸው። ካርዲናል አናስታስዮስ «ይህን ሥራ ጀምሮ ፈጸመ» የሚል ጽሑፍ አለበት። አናስታስዮስ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ካርዲናል የነበረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ላይኛው ሕንፃ ዘመኑን የሚያገኘው ከእሱ እንጂ ከዮሐንስ አይደለም።

ጋሼ ግን ዓይናቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነበር። «ማርቲር» የሚል ቃል በትልልቅ የላቲን ፊደል ተቀርጾበታል። ሰማዕት ማለት ነው። ከፊቱም ከኋላውም የሚያያይዘው የለም።

«ይሄም የተቆረጠ ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። ተመራማሪዎች ድንጋዩን በጳጳስ ሲሪክዮስ ዘመን፣ ከ384 እስከ 399 ባለው ጊዜ፣ ለታችኛው ቤተ ክርስቲያን ከተጻፈ ጽሑፍ ጋር ያያይዙታል። አንድ ወንበር ላይ የ4ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ያልጠየቀው ይህንን ነው፦ ድንጋዩ መጀመሪያ የቆመው የት ነበር? ይህ ሳይታወቅ ከጽሑፉ ላይ ዓመተ ምሕረት ማንበብ ምንም አይጠቅምም።

ማታ ለድርጅቱ ደወልኩ። መጀመሪያ «ጎብኚው ይሄን ያህል ዝርዝር አይፈልግም» አሉኝ። እኔም ዝርዝሩን ያነሳው ጎብኚው ራሱ መሆኑን ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ቡድን ወረቀቱ ተስተካክሎ መጣ። የዮሐንስ ስም «ከታችኛው ቤተ ክርስቲያን የመጣ» ከሚል ቃል ጋር ተጽፏል፣ የአናስታስዮስም ገብቷል። የመርቆሬዎስ መሠዊያ አሁንም የለም። እሱን እኔው በቃሌ እነግራቸዋለሁ።