ሳይጠሩት አቤት ያለ ጋዜጣ

«ስፕሪንግፊልድ ደርሰን እንምጣ» ስለው ጋሼ የትራኩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ «እዚያ ደግሞ ምን አለህ?» አለኝ። ለዘመድ ሠርግ ከሜሪላንድ ኮሎምበስ መጥቼ፣ ሠርጉም መልሱም አልቆ አንድ ቀን ተርፎኛል። እሱም ትራክ ነጂ ነው፣ ያን ቀን የሚጭነው ሎድ የለውም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ኦሃዮን እንደ መዳፉ ያውቃታል። ስፕሪንግፊልድን ግን ነዳጅ ከመቅዳት አልፎ አይቷት አያውቅም።

በሀይዌይ 70 ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት አይሞላም። አገሩ ሜዳ ነው፤ ግራ ቀኙ የደረቀ በቆሎ፣ ከዚያ አኩሪ አተር፣ ከዚያ እንደገና በቆሎ። እንቅልፍ እንዳይጥለው ወደዚያ የሚወስደኝን ወሬ ጀመርኩለት፤ የውጭ አገር ሰው በአሜሪካ ምርጫ ልግባ ሲል ምን እንደሚሆን።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ቡሽና ኬሪ ለፕሬዝዳንትነት ይፎካከራሉ፣ ኢራቅ ከተወረረች ዓመት ከመንፈቅ አልፏል፣ አውሮፓ ውስጥ የቡሽ ስም ሲነሳ ፊቱን የማያጨማድድ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ስፕሪንግፊልድ ያለችበትን የክላርክ ካውንቲን፣ ወረዳ በሉት፣ የመራጮች መዝገብ አገኘና ለአንባቢዎቹ አንድ አንድ አድራሻ እያደለ «ስለ ምርጫው ጻፉላቸው» አለ። ቦታውን ዝም ብሎ አልመረጠም። በ2000 የኬሪ ፓርቲ ዕጩ የነበረው አል ጎር በዚህ ካውንቲ ያሸነፈው በ324 ድምፅ ብቻ ነበር፤ ኦሃዮ ደግሞ ያን ጊዜ ወደ ማን እንደምታዘነብል አገር ሁሉ የሚጠብቃት ስቴት ናት። ከ10 ሺህ በላይ ሰው አድራሻ ጠየቀ። የታወቁ ደራሲዎች ሳይቀሩ ጻፉ።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አለ ጋሼ መሪውን መታ መታ አድርጎ።

የኦሃዮ ሰዎችም ያሉት ይህንኑ ነው፣ ትንሽ በስድብ አሽተው። ጋዜጣው የተቆጡ መልሶች ጎረፉለት፣ በመጨረሻም ዘመቻውን አቆመ። ምርጫው ሲቆጠር ቡሽ ክላርክ ካውንቲን በ1,600 ድምፅ ገደማ ወሰደ። በ2000 ጎር ካሸነፈባቸው የኦሃዮ ካውንቲዎች ውስጥ ወደ ቡሽ የዞረው ይኼው አንዱ ብቻ ነው። ደብዳቤው አዞረው ብዬ አልምልም፣ ሰው የሚመርጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ኬሪን ግን አልጠቀመውም።

«ኦባማስ?» አለኝ ጋሼ። «ጀርመን ላይ ያንን ሁሉ ሰው ሰብስቦ አልነበር?» ልክ ነው። ሐምሌ 2008 በርሊን ላይ 200 ሺህ ያህል ሰው ወጥቶለታል። ተፎካካሪው ማኬይን ወዲያው ማስታወቂያ ሠራበት፣ ከብሪትኒ ስፒርስና ከፓሪስ ሂልተን ጋር ደርድሮ ዝነኛ ብቻ ነው አለው። ኦባማ አሸነፈ፣ ግን በርሊን ላይ ስለተጨበጨበለት አይመስለኝም። መስከረም ላይ ባንክ ሲንኮታኮት ሰው የሚያስበው ስለ ቤቱ ዕዳና ስለ ሥራው ነው።

እንግሊዞቹ ላይ ስስቅ ቆይቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። እኔ ጋም እኮ ይመጣል! በ2020 ምርጫ ሰሞን ትራምፕ ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ብሎ የተናገረ ቀን፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ በሌሊት ቀስቅሳኝ «ይኼን ሰውዬ መርጠህ እንዳልሰማ» አለችኝ። ሌላዋ አክስቴ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለዚያው ሰውዬ ፆም ጸሎት ይዛለታለች። የውጭ ሰው ማንን ይወዳል ቢሉኝ ገና ከቤተሰቤ ሁለት መልስ አለኝ። ግን ሁለቱንም ስልኩን አልዘጋሁባቸውም። ድምፅ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ቪዛው፣ እርዳታው፣ የግድቡ ነገር የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው። ማንን እንደምመርጥ ሊነግሩኝ አይችሉም፣ ምን እንደሚያሰጋቸው ግን መስማት አለብኝ ባይ ነኝ።

«አሜሪካንን የሚነካት ነገር አለ እንዴ፣ ዓለም ወደዳት ጠላት?» አለ ጋሼ። ይኼንን ሲሉኝ ቱርክ ትዝ ትለኛለች። መጋቢት 1 ቀን 2003 የአሜሪካ ጦር በቱርክ አድርጎ ሰሜን ኢራቅ ይግባ ወይ ተብሎ ፓርላማው ድምፅ ሰጠ። 264 አዎ፣ 250 አይሆንም። አዎ በለጠ፣ ግን 19 ሰዎች ድምፀ ተአቅቦ ስላደረጉ ከተገኙት ከግማሽ በላይ የሚለው ሳይሞላ ወደቀ። ሕዝቡ ጦርነቱን አምርሮ ይቃወም ነበርና እንደራሴዎቹም የሚፈሩት እሱን ነው። የአንድ ክፍለ ጦር መሣሪያ የጫኑ መርከቦች ባሕሩ ላይ ሲጠብቁ ቆይተው ዞረው ወደ ኩዌት ሄዱ። ጋሼ ትራክ ነጂ ነውና ሎድ ይዞ በር ላይ መመለስ ምን እንደሆነ አላስረዳሁትም።

ስፕሪንግፊልድ ስንደርስ ፀጥ ያለች ናት። በ2024 የፕሬዝዳንታዊ ዕጩዎች ክርክር ላይ በሄይቲ ስደተኞቿ ምክንያት ዓለም ሁሉ ስሟን የጠራት ከተማ አትመስልም። በ1890 የተሠራው የድሮ ማዘጋጃ ቤትና ገበያ አሁን የካውንቲው ሙዚየም ነው፤ ትልቅ፣ ሰዓት ያለው ግንብ የቆመበት ሕንፃ። የእንግሊዞቹን ደብዳቤ ፈልጌ መስተዋት መስተዋቱን ዞርኩ፣ አላገኘሁም።

አጠገባችን የቆሙ አንዲት አዛውንት ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ። ለጎረቤታቸው አንድ መጥቶላት እንደነበርና ሳትጨርሰው ቆሻሻ ውስጥ እንደጣለችው አጫወቱኝ። «እኔ ግን ባገኘው አስቀምጠው ነበር፣ ከእንግሊዝ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም» አሉ። ቀጥለው ከየት እንደሆንን ጠየቁን። ከኢትዮጵያ አልናቸው።

«የእናንተ አገር ሰዎችስ ማንን ምረጡ ብለው ይጽፉላችኋል?»

«አይ» አለ ጋሼ፣ «እነሱ ይደውላሉ።»