ስላይዴን ከመጨረሻው ዴስክ ሳየው

6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ፕሮጀክተር ያገኘን ሰሞን ደስታዬ ሌላ ነበር፤ ስለ ደም ዝውውር ለማስተማር ሁለት ሌሊት ሙሉ ስላይድ ስሠራ አመሸሁ። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጽሑፉ ቢጫ፣ በየገጹ ረጅም አንቀጽ። ላፕቶፔ ላይ በጣም ያምር ነበር።

ፈተና ሳርም ግን «ደም ቅዳ» (ደምን ከልብ የሚያወጣው ሥር) የሚለውን «ደም ቅደ» ብለው የጻፉ ልጆች በዙብኝ። ያላጠኑ መሰለኝ። ደብተራቸውን ሰብስቤ ሳይ ስህተቱ እዚያም አለ፤ ያውም አብዛኛው ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ደብተር ላይ። በእረፍት ሰዓት ስላይዱን ከፈትኩና የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እኔም ማንበብ አቃተኝ።

የፊደላችን ነገር እዚህ ላይ ነው። ደ፣ ዱ እና ዳ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ወይም በእግር ርዝመት ነው። ያቺ ጭረት ከሩቅ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። እኔ ደግሞ የጻፍኩት ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት)፣ በ18 መጠን ነበር። ኒያላ ወረቀት ላይ ደስ ይላል፤ ግድግዳ ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይሟሟሉ። ቦልድ ሳደርገው የፊደሎቹ ቀዳዳ ተደፈነ። ከስር ሳሰምርበት መስመሩ የፊደሎቹን እግር ነካው። በመጨረሻ ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀየርኩ፣ መጠኑን 36 አደረግኩ፣ ርዕሱን ደግሞ ከዚያም አተለቅኩት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ዋናውን ከዝርዝሩ የምንለየው በመጠንና በውፍረት ነው።

ቀለሙም ችግር ነበረበት። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን የለውም፤ ጥቁር ሆኖ የምናየው ብርሃን ያልደረሰበት ግድግዳ ነው። የእኛ ክፍል መስኮት መጋረጃ የለውም፣ ጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባለች፣ ስለዚህ ያ የደከምኩበት ጥቁር ሰማያዊ መደብ ግራጫ ሆኖ ከቢጫው ጋር ተቀላቀለ። አሁን ነጭ መደብ ላይ በጥቁር ብቻ እጽፋለሁ።

የልብ ሥዕሉ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 8 ቁጥር አድርጌ መልሱን ከታች ደርድሬ ነበር። የልጆቹን ዓይን ተከታተልኩ፤ ከሥዕሉ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ሥዕሉ፣ ሲመለሱ ደግሞ የትኛው ቁጥር ላይ እንደነበሩ ይጠፋባቸዋል። ሪቻርድ ሜየር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቃሉና ሥዕሉ ጎን ለጎን ሲሆኑ ተማሪ የበለጠ እንደሚገባው በሙከራ አሳይቷል። ቁጥሩን አጥፍቼ ስሙን እዚያው ክፍሉ አጠገብ ጻፍኩት። በአንድ ስላይድ ላይም አራቱን የልብ ክፍሎች ብቻ አስቀረሁ፤ ዙሪያውን ባዶ ተውኩት። ባዶ ቦታ ብክነት ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን ዓይን የሚያርፍበት እሱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ከሁሉም የከበደኝ አንዲት ልጅ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ደም መልስ ውስጥ ያለው ደም ሰማያዊ ነው እንዴ?» ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፣ ደም መልስ፣ ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ነዋ! መጽሐፉም እንደዚያ ነው። እውነታው ግን ኦክስጅን የቀነሰበት ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም። ቀለም ለማስዋብ ሳይሆን ትርጉም እንዳለው አድርገው እንደሚያነቡት ያን ቀን ነው የገባኝ። አሁን ሁለት ዓይነት ቀይ እጠቀማለሁ፣ ቀለሙን መለየት ለሚያስቸግረው ልጅ ደግሞ ወፍራም ቀስትና ስም እጨምራለሁ።

አንቀጾቹንም አወጣኋቸው። ልጆቹ ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ ይገለብጣሉ፤ ሲገለብጡ ደግሞ አይሰሙኝም። ስለዚህ ሥዕሉን እያሳየሁ አስረዳለሁ፣ ኖቱን በመጨረሻ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን በመሃል የሚጠይቁኝ ልጆች በዝተዋል።

ባለፈው መብራት ጠፋ። ልቡን በነጭ ጠመኔ ትልቅ አድርጌ ሳልኩት፣ አራት ክፍል፣ ስሙ እዚያው፣ ዙሪያው ባዶ። አንድ ቀይ ጠመኔ ነበረኝ፤ ከመጨረሻው ዴስክ አንዱን ልጅ ጠራሁና የደሙን መንገድ እንዲያሰምር ሰጠሁት። ከቀኝ በኩል ጀመረ፣ ወደ ሳንባ ወሰደው፣ በግራ መለሰው፣ ከዚያ በደም ቅዳ ወደ ሰውነት አወጣው። ስሙንም ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ዳ»ዋን በትክክል።