«ማሲንቆው ጆሮ ይወጋል» ከሚለው አስተያየት ጀርባ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዘፈን ሚክሱ (የየመሣሪያው ድምፅ ተመጣጥኖ መቀላቀሉ) አልቆ ለማስተሪንግ፣ ማለትም ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ለሚደረገው የመጨረሻ ማስተካከያ፣ ተላከ። ቀረጻው የሴት ድምፅ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮ፣ ባስ ጊታርና ከኋላ የሚያጅብ ኪቦርድ አለው። ድምፃዊቷ ከቀረጻው ጀምሮ «ማሲንቆው አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ይምሰል፤ ከእኔ እኩል ይሰማ» ስትል ነበር። ከማስተሪንግ ባለሙያው የመጣው መልስ ደግሞ «ማሲንቆው ጆሮ ይወጋል፣ ድምፃዊቷን ይሸፍናታል፣ በሞኖ (ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተደምሮ) ሲደመጥ ይሳሳል፤ 4 ዲሲቤል ቀንሱት» የሚል ሆነ። እሷም ይህን ስትሰማ «ማሲንቆውን ከቀበራችሁትማ ሌላ ዘፈን ሆነ ማለት ነው» አለች።

የሚክስ ባለሙያው ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ 2 ዲሲቤል ቀነሰ። ማንም አልተደሰተም፤ ሊደሰትም አይችልም። ፌደር (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው) መሣሪያውን ከነሁለመናው ነው ዝቅ የሚያደርገው፤ የመጣው ቅሬታ ግን የተወሰነ ፍሪኩዌንሲንና የተወሰኑ ስንኞችን የሚመለከት ነበር። ስለዚህ የሚወጋው አሁንም ይወጋል፣ አጠገብ መሆን የነበረበት ደግሞ ራቀ። እንዲህ ያለው የመሃል መንገድ በሚክስ ሥራ ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያከስራል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር ነው ሥራውን ያቀናው። «4 ዲሲቤል ቀንሱት» የሚለው መፍትሔ ወደ ጎን ተደረገና ሦስቱ ቅሬታዎች ለየብቻቸው ተያዙ፦ መውጋቱ፣ መሸፈኑ፣ በሞኖ መሳሳቱ። አድማጭ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሲረብሸው ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፤ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ሲናገር ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ይህ ለማስተሪንግ ባለሙያም፣ ለድምፃዊም፣ ለአቀናባሪም እኩል ይሠራል።

ከሞኖው ተጀመረ። ማሲንቆው የተቀረጸው በአንድ ማይክሮፎን ነው። «ሰፋ እንዲል» ተብሎ ቅጂው በ12 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ወደ ቀኝ ተልኳል፤ ዋናው ግራ ላይ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ያምራል። ግራና ቀኙ ተደምሮ በአንድ ስፒከር ሲወጣ ግን የዘገየው ቅጂ ከዋናው ጋር ይጣላል፤ በ42 ሄርዝ አካባቢ ይጀምርና በየ83 ሄርዙ፣ ማለትም በ125፣ በ208፣ በ292 እያለ ድምፁን ይሰርዘዋል። የማሲንቆው ዜማ ደግሞ በዚሁ ሰፈር ነው የሚመላለሰው፤ አንዱ ኖታ ሲጎላ ቀጣዩ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ደግሞ ዘፈን የሚሰማው በአንዲት የብሉቱዝ ስፒከር ወይም በርካሽ ስልክ ነው፤ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያዎችም ብዙዎቹ በሞኖ ይሠራሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የባለሙያ ቅንጦት አይደለም።

ዲሌዩ (የዘገየው ቅጂ) ተነሣ። ማሲንቆው አንድ ነጥብ ላይ፣ ከመሃል 25 በመቶ ያህል ወደ ግራ ተቀመጠ፤ ክራሩ ወደ ቀኝ ሄደ። ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) ከ2 ሰከንድ ወደ 0.8 ሰከንድ አጠረ፣ 20 ሚሊ ሰከንድ ፕሪዲሌይም (ማስተጋባቱ ከመጀመሩ በፊት ያለ ክፍተት) ተሰጠው። ያኔ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ድምፃዊቷ የፈለገችው «አጠገቤ የተቀመጠ» ማሲንቆ ነበር፤ በዲሌይ የተለጠጠ ድምፅ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘረጋል እንጂ አንድ ቦታ ላይ አይቀመጥም። ቴክኒካዊው ጉድለትና የእሷ ሕልም መሰናክል ለካ አንድ ነገር ነበሩ። ፌደሩ ሳይነካ ማሲንቆው ቀረበ።

መውጋቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ኢኪውን (የተመረጠ ፍሪኩዌንሲን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን መሣሪያ) 10 ዲሲቤል ከፍ አድርገው ፍሪኩዌንሲውን እየጠራረጉ «መጥፎውን» ሲፈልጉ ነው። 10 ዲሲቤል የተጨመረበት ቦታ ሁሉ መጥፎ ይሆናል። የሚሻለው በጠረጠሩት ቦታ ላይ 3 ዲሲቤል ቀንሶ፣ ድምፁን በአጠቃላይ እኩል አድርጎ፣ ኢኪውን እያጠፉና እያበሩ ማወዳደር ነው። እኩል ማድረጉ ግዴታ ነው፤ ትንሽ የጮኸው ምንጊዜም የተሻለ ይመስላል። በዚህ መንገድ ሲፈተሽ የሚወጋው ወደ 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ የሰው ጆሮ በጣም ስሱ የሆነበትና የቃላት ጥራት የሚሰማበት ሰፈር።

አባባሹ ደግሞ ኮምፕረሰሩ (ጮክ ያለውን ድምፅ የሚጫነው መሣሪያ) ነበር። አታክ (መጫን እስኪጀምር የሚፈጅበት ጊዜ) 1 ሚሊ ሰከንድ፣ ሬሾ (የሚጫንበት ልክ) 6 ለ 1። ይህ የደጋኑን አነሳስ ጨፍልቆ ከኋላው የሚቀረውን ረጅም ጩኸት ያወጣል። አታኩ ወደ 25 ሚሊ ሰከንድ፣ ሬሾው ወደ 3 ለ 1 ሲለወጥ ግማሹ ችግር ያኔውኑ ተቃለለ።

ማሲንቆውን የተጫወቱት አዛውንት በዚያ ቀን ስቱዲዮ ነበሩ። የሚክስ ባለሙያው ለሙከራ ከ4 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን በሙሉ በ3 ዲሲቤል የቀነሰበትን ኢኪው ሰምተው «ልጄ፣ ጭረቱን ወሰድክብኝ» አሉት። «የትኛውን ነው ጋሼ?» ሲላቸው ደጋናቸውን አንሥተው አሳዩት፦ አንዴ ረጅም ስበት፣ አንዴ አጭር ምት። አጭሩ ሲመታ፣ የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲይዝ «ሸክ» የሚል ድምፅ አለ። «እሱ ነው ማሲንቆ የሚያሰኘው፤ እሱ ከሌለ ኪቦርድ ነው» አሉ። አናላይዘሩ (ፍሪኩዌንሲውን በሥዕል የሚያሳየው) ላይ ሲታይ ጭረቱ ከ5 ኪሎ ሄርዝ በላይ፣ ጆሮ የሚወጋው ግን ከዚያ በታች ነው። ሁለቱ ጎረቤት እንጂ አንድ አይደሉም። የላዩ ቅነሳ ሙሉ በሙሉ ተነሣ፤ በምትኩ 3 ኪሎ ሄርዝ ላይ ዳይናሚክ ኢኪው ገባ፤ የሚቆጣጠረው የድምፃዊቷ ትራክ ሆኖ፣ እሷ ስትዘፍን ብቻ ቢበዛ 3 ዲሲቤል የሚቀንስ፣ ስታቆም በ150 ሚሊ ሰከንድ የሚመለስ። በስንኞቹ መካከል ማሲንቆው ከነሙሉ ክብሩ ይሰማል።

«ይሸፍናታል» የሚለው ላይ የማስተሪንግ ባለሙያው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው ልክ የነበረው። በአዝማሪ አጨዋወት ማሲንቆው የድምፁን ዜማ እየተከተለ፣ አንዳንዴ እየቀደመ፣ ጫፉን እያስጌጠ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ዜማ ይዘው መተቃቀፋቸው ራሱ ስልቱ ነው። ጊታርና ፒያኖ እንደሚለያዩት ለያይቶ ለእያንዳንዱ የራሱን ፍሪኩዌንሲ ማከፋፈል የዘፈኑን አጥንት ይሰብራል። መጠየቅ ያለበት «ይለያያሉ ወይ?» ሳይሆን «ቃሉ ይሰማል ወይ?» ነው።

ቃሉ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሁለት ቦታ አይሰማም ነበር። አንደኛው ኅብረ ቃሉ ነው። ሰምና ወርቅ ባለው ግጥም ኅብረ ቃሉ ከተዋጠ ወርቁም አብሮ ይጠፋል፤ አድማጩ የሰማው ሰሙን ብቻ ነው ማለት ነው። ድምፃዊቷ ይህ ሲነገራት ያለምንም ክርክር ተስማማች፤ ግጥሙ ለእሷ ከማሲንቆውም በላይ ነው። መፍትሔው ማሲንቆውን የሚነካ አልነበረም። በትዝታ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፅ እየሳሳ መውረዱ የተለመደ ነውና፣ በእነዚያ ቃላት ላይ ብቻ የድምፃዊቷ ትራክ በኦቶሜሽን በ1.5 ዲሲቤል ከፍ አለ። ይህን ኮምፕረሰር ይሥራው ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ኮምፕረሰር የትኛው ቃል ወርቁን እንደያዘ አያውቅም።

የጩኸቱ ነገር በቶሎ አለቀ። ድምፃዊቷ «ከሌሎቹ ዘፈኖች አይነስ» ብላ ስለነበር የመጀመሪያው ሙከራ እስከ ‑8 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጮኻል) ተገፍቶ ነበር። ስፖቲፋይም ዩቲዩብም ወደ ‑14 አካባቢ ዝቅ አድርገው ያጫውቱታል፤ የሚቀረው በሊሚተር (የድምፅን ጫፍ በሚገታው መሣሪያ) የተጨፈለቀ የከበሮ ምት ብቻ ነው። ይኸውና እስከ ‑11 ብቻ የተገፋው ሌላ ቅጂ በእኩል ድምፅ ተደምጠው ምርጫው ለእሷ ተሰጣት። ‑11ን መረጠች፤ ትሩ ፒኩ (ከፍተኛው የድምፅ ጫፍ) ‑1 ላይ ተገደበ።

ሁለተኛው ዙር አስተያየት የመጣው በሌላ አጻጻፍ ነው፤ ሁሉም ወገን ደቂቃና ሰከንዱን፣ መሣሪያውን፣ የተሰማውንና በምን እንዳዳመጠ ብቻ እንዲጽፍ፣ መፍትሔ እንዳይጨምር ተስማምተው ነበር። «2 ደቂቃ ከ14፣ ባስ፣ በስልክ አይሰማም» የሚል ይገኝበታል፤ ባሱ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን (ቀለል ያለ የድምፅ መዛባት) ተጨምሮ የላይኛዎቹ ሃርሞኒኮች (ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች) ወጡ፣ ተሰማ።

አንድ ነገር ላይ አልተስማሙም። የማስተሪንግ ባለሙያው የመጨረሻው አዝማች ላይ ማሲንቆው አሁንም 1 ዲሲቤል እንደሚበዛ ጻፈ። በሞኖ ተፈተሸ፣ አልሳሳም። ቃላቱ በስልክ ተደመጡ፣ ሁሉም ይሰማሉ። የቀረው የምርጫ ጉዳይ ነበርና ለድምፃዊቷ ተተወ፤ እሷም «ይቆይ» አለች። ዘፈኑ እንዳለ ተላከ።