ከ«ላፊንግ ስቶክ» የተማርኩት የድራም ቀረጻ

የፖስት ሮክ (የሮክ መሣሪያዎችን ከተለመደው የዘፈን ቅርጽ ይልቅ ለድባብ የሚጠቀም ሙዚቃ) ነገር ሲነሳ የስሊንት ባንድ አልበም «ስፓይደርላንድ» ቶሎ ይጠራል። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የወጣው የእንግሊዙ ባንድ የቶክ ቶክ አልበም «ላፊንግ ስቶክ» ግን የሚታወሰው ዘግይቶ ነው። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው፤ የቀረጻ ሥራዬን የቀየረው አልበም ስለሆነ ላዳላለት እችላለሁ።

ቶክ ቶክን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው እ.ኤ.አ. በ1984ቱ ዘፈናቸው «ኢትስ ማይ ላይፍ» ነው። ከዓመታት በኋላ የባንዱ ድምፃዊ ማርክ ሆሊስና ፕሮዲዩሰሩ ቲም ፍሪዝ ግሪን ለንደን ዌሴክስ ስቱዲዮ ገብተው፣ ክፍሉን አጨልመው፣ በዘይት ፕሮጀክተር (ባለቀለም ዘይት ግድግዳ ላይ የሚያንጸባርቅ መብራት) ብርሃን ለወራት ሠሩ። ከተቀረጸው አብዛኛው ተጥሎ ስድስት ዘፈን ቀረ። ገበያው ብዙም ፊት አልሰጠውም።

እኔ የምቀርጸው ሳሎኔ ውስጥ ነው። «ኒው ግራስ» የተባለውን የአልበሙን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ የሊ ሃሪስ ድራም ጆሮዬ ሥር ሳይሆን አንድ ክፍል ውስጥ፣ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ይሰማኛል። የድምፅ መሐንዲሱ ፊል ብራውን ማይኩን ከድራሙ በጣም አርቆ ነበር የቀረጸው። እኔም የቅርብ ማይኮቼን ሁሉ አነሳሁና አንዲት ኮንደንሰር (ስስ ድምፅ ሳይቀር የምትይዝ ማይክ) ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አቆምኩ።

ማይክ ሲርቅ መጀመሪያ የሚጋለጠው የተጫዋቹ እጅ ነው። ሲምባሉ (የብረት ሳህኑ) ከበረታ ስኔሩን (በዱላ የሚመታውን ጠንካራ ድምፅ ያለው ከበሮ) ይውጠዋል፤ በፌደር (በድምፅ መጠን ማስተካከያው) ላስተካክል ብትል አንድ ትራክ ብቻ ነው ያለህ። ድራመሬን «ሲምባሉን ቀስ፣ ስኔሩን ጠንከር» ስለው «ታዲያ ምኑን ተጫወትኩት?» ብሎ አኮረፈኝ። ቅጂውን ሲሰማ ግን ኩርፊያው ለቀቀው፤ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ሳልጨምርበት ቤቱ ራሱ ገብቶበታል።

ሌላው ጣጣ ጊዜ ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ማይኩ 6 ሜትር ከራቀ ድራሙ 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። በኬብል ቀጥታ የገባው ቤዝ ቀድሞ የሚሮጥ መሰለ። በቁጥር አልተጨነቅኩም፤ የቤዙን ትራክ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ላይ እስኪያርፍ በጆሮዬ ወደኋላ ገፋሁት።

ጌይን (የማይኩ ድምፅ ማጉሊያ) ሲጨምር ፍሪጁም የጎረቤት ውሻም አብረው ይቀረጻሉ። ፍሪጁን ነቀልኩት፤ ውሻው እስኪደክመው ጠበቅን። የማይኩን ሽሽታ ግን አልነካሁትም። «ሚርማን» የተባለው የአልበሙ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት የአምፕሊፋየር ሽሽታ ይሰማል፣ እነሱ ሆን ብለው ትተውታል፤ ጆሮ መጀመሪያ ክፍሉን ይለምዳል፣ ከዚያ ጊታሩ ሲገባ ግዙፍ ይሆናል።

መቁረጥንም የተማርኩት ከዚሁ ነው። ሌላው የአልበሙ ዘፈን «አሴንሽን ዴይ» ጩኸቱ ጣሪያ በደረሰበት ቅጽበት፣ ሳይደበዝዝ፣ በመቀስ እንደተቆረጠ ያልቃል። አንዱን ትራካችንን እንደዚያው ቆርጬ ላክሁለት። ድራመሩ ወዲያው ደወለ፦ «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ድጋሚ ላክልኝ!»