ማታዬን ሳልመርጥ አልጋ አልይዝም

ለሥራ ወደ ጎንደር እመላለሳለሁ። አንዳንዴ ብቻዬን፣ አንዳንዴ ከእማዬ ጋር። ወደዚያ የሚሄዱ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው ሆቴል ይሻላል?» ብለው ነው። እኔም መልሼ «ማታውን እንዴት ልታሳልፉት አሰባችሁ?» እላቸዋለሁ። ጎንደር ላይ ቀኑ አያሳስብም። ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ የትም ብታድሩ ትደርሱባቸዋላችሁ። የሚያስቸግረው ከመሸ በኋላ ያለው ነው። ባጃጅ የሚገባበት ሰዓት እንደ ጊዜው ይለያያል፤ ማምሸት ያማረው ሰው መመለሻውን ቀድሞ ማሰብ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ማታዬን እመርጣለሁ። አልጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ጊዜ የማድረው ፒያሳ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቸው ሕንፃዎች ያሉበት ሰፈር ነው፤ ፋሲል ግቢም ቅርብ ነው። እዚያ የማርፍባቸው ፔንሲዮኖች ለዓይን የሚያምሩ አይደሉም። ግን እራቴን በልቼ፣ ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ ማሲንቆ ሰምቼ በእግሬ እገባለሁ። መንገዱ ሰው አያጣም። ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ይሄ ከምርጥ ፍራሽ ይበልጣል። እማዬ አብራኝ ካለችና የማታው እቅድ በረንዳ ላይ መጨዋወት ብቻ ከሆነ ግን ጎሃ ሆቴልን እመርጣለሁ። ኮረብታው ላይ ሆናችሁ መላ ከተማዋን ከነግንቧ ታያላችሁ። ከዚያ ወርዶ አምሽቶ መመለስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አየር ማረፊያው ያለበት አዘዞ የማድረው በማግስቱ ጠዋት በረራ ካለኝ ብቻ ነው።

ክፍሉን ሳላይ አልከፍልም። ጎንደር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃ ነው። የከተማዋ የውሃ ችግር የቆየ ነው፤ ቧንቧ ከፍቶ ማየት ብቻ አይበቃም። ሮቶ አላቸው ወይ? ሮቶው ባዶ ሲሆንስ ምን ያደርጋሉ? ይሄን ሪሴፕሽን ላይ ሳይሆን አልጋ የምታነጥፈውን ልጅ ነው የምጠይቀው። እውነቱን የምትነግረኝ እሷ ናት። አንድ ዓርብ ቀን ቁልፍ ተቀብዬ ደረጃ ልወጣ ስል አንዷ ቀስ ብላ ጠራችኝ። «እህቴ፣ ያ ክፍል ከግሮሰሪው በላይ ነው። ዛሬ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ነው። ከኋላ በኩል ያለውን ስጡኝ በያቸው።» እንዳለችኝ አደረግሁ፤ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ያለበት ቤት ፎጣው ቢያረጅም ተመልሼ እሄዳለሁ።

የቤተ ክርስቲያን ድምፅ የሚከብዳቸው እንግዶች አሉ። ጎንደር የ44ቱ አድባራት ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ቅዳሴና ማኅሌት ከአንዱ አቅጣጫ መሰማቱ አይቀርም። እኔ ለዚያ ስል መስኮት ከፍቼ እተኛለሁ። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ግን አልጋ ስትይዙ የቅርቡ ደብር የት እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ፦ አዝማሪ ቤት። ጎንደር ሄዶ ማሲንቆ ሳይሰሙ መመለስ ያሳዝነኛል። አገሩ የአዝማሪ አገር ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ቡርቧክስም በአዝማሪዎቹ የታወቀ ነው። እኔ የምመርጠው ጠባቡን ቤት ነው። ዱካዎች ግድግዳ ተደግፈው የተደረደሩበት፣ ጠጁ በብርሌ የሚቀርብበት፣ ማሲንቆው ያለ ስፒከር የሚሰማበት። አዝማሪው ፊታችሁን ካላየ ምኑን ይገጥማል? ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በማይክ ጆሯችሁን ሲያደነቁር ግጥሙ ይጠፋል። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ያን ክር በስፒከር ማስጠም በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማታ እማዬን ይዣት ገባሁ። አዝማሪው ቀረብ ብሎ «እናቴ፣ ከየት ነው የመጡት?» አላት። ከወሎ መሆኗን ስትነግረው ወሎን አነሳ፣ ልጇን አነሳ፣ ነጠላዋን አነሳ። ቤቱ ሳቀ። እማዬ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና ድንገት «ተቀበል!» አለችው። እኔ ክው አልኩ። ቀን ፋሲል ግቢን ስንዞር ውለን ነበርና እንዲህ አለች፦

ግንቡንስ አየሁት ቆሟል እንዳማረ፣
ያሠራው ንጉሥማ የት ገብቶ አደረ?

አዝማሪው ተቀበላት። አንድ ጊዜ ብሎ አልበቃውም፤ ደጋገመው። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ተነስተው ብር አወጡና ግንባሩ ላይ ለጠፉለት፤ ከዚያ ለእማዬ እጅ ነሱ። እናቴ ግጥም እንደምትችል ያወቅሁት ያን ማታ ነው። በትልቁ አዳራሽ ቢሆን ይሄ አይሆንም ነበር።

በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ ብዙዎቹ አዝማሪ ቤቶች እንደሚቀዘቅዙ አስቡት። ያኔ ማታው የቡናና የወሬ ነው፤ እሱም አይከፋም።

ጥምቀት ሌላ ዓለም ነው። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ርቋል። ከጥር 10 እስከ 12 አልጋ ማግኘት መከራ ነው፤ ዋጋውም ይሰቀላል። በከተራ ማታ ታቦታቱ ከቀሃ ወንዝ በተሞላው የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያድራሉ፤ ሕዝቡም እዚያው ያድራል። ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን በዚያ ሕዝብ መሃል ለእማዬ ጉልበት ይረዝማል። እንግዲህ እዚህም ማታውን ነው የምመርጠው፤ አልጋው ወደ መዋኛው ይጠጋ።

ለመጪው ጥምቀት ከኅዳር ጀምሬ እየደወልኩ ነው። እማዬ ትእዛዟን ሰጥታኛለች። «ደረጃ አልወጣም። ውሃ ይኑረው። ግቢው ውስጥ ጭፈራ ቤት አይኑር፤ በከተራ ማታ የዲጄ ሙዚቃ አልሰማም።» ምድር ቤት ያለው ክፍል ቀሃ በኩል አግኝቻለሁ። ሮቶም አላቸው። የጭፈራ ቤቱን ነገር ግን ሪሴፕሽኑ «ኧረ የለም!» ሲለኝ ፈጥኖ ስለመለሰ፣ ነገ ደውዬ አልጋ አንጣፊዋን አገናኙኝ ልላቸው ነው።